ሹተሩ ሲዘገይ፦ ከፒያሳ ባጃጅ እስከ ሐረጎ መብራት

ቀትር ላይ ደሴ ፒያሳ በስልክ የተቀረጸ የባጃጅ ቪዲዮ እጃችሁ ላይ ካለ፣ አንድ ቦታ ላይ አቁሙትና ፍሬሙን፣ ማለትም የቆመውን ነጠላ ምስል፣ አስተውሉት። ባጃጇ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየበረረች ነው የተቀረጸችው፤ ፍሬሙ ላይ ግን ተሳፋሪ የምትጠብቅ ትመስላለች። የታርጋዋ ቁጥር ይነበባል። ከኋላ የተለጠፈው ጥቅስ ይነበባል። ቸርኬዋ ላይ የደረቀው ጭቃ ሳይቀር ይታያል። ቪዲዮውን መልሳችሁ ስታስኬዱት ደግሞ ባጃጇ መንገዱን ሰንጥቃ አታልፍም፤ ከቦታ ቦታ እየዘለለች የምትሄድ ትመስላለች።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በስልኩ ያሳብባል። ስልኩ ግን የተሠራበትን ነው ያደረገው። የአብዛኞቹ ስልኮች አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ) የማይጠብና የማይሰፋ ስለሆነ፣ ፀሐይ ሲበዛበት የሚቀረው መላ ሹተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ የሚወስነውን) ማፍጠን ብቻ ነው፤ እስከ 1/2000 ሰከንድ ይሄዳል። በዚያች ቅጽበት ውስጥ በ40 የምትሮጥ ባጃጅ የምትጓዘው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ፍሬማችሁ ከዳር እስከ ዳር 10 ሜትር መንገድ የሚያሳይ ከሆነና የቪዲዮው ስፋት 1920 ፒክስል ከሆነ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትሯ አንድ ፒክስል ናት። ዓይን አያያትም። ሹተሩን ወደ 1/50 ብታወርዱት ባጃጇ በዚያ ጊዜ 22 ሴንቲ ሜትር ትጓዛለች፤ ስክሪኑ ላይ 42 ፒክስል ያህል ትሳባለች። 1/25 ላይ 44 ሴንቲ ሜትር፣ 85 ፒክስል ገደማ። "ፍጥነቱ ይሰማል" የምንለው ይህንኑ መሳብ ነው።

የድሮ ፊልም ካሜራ ሹተር የሚሽከረከር ግማሽ ክብ ነበር፤ 180 ዲግሪው ክፍት፣ 180 ዲግሪው ዝግ። ስለዚህ እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያገኘው ለፍሬሙ ጊዜ ግማሽ ነበር። በሰከንድ 25 ፍሬም ከሆነ 1/50፣ 50 ፍሬም ከሆነ 1/100። ዓይናችን በፊልም የለመደው የብዥታ መጠን ከዚያ የመጣ ነው። ሕግ አይደለም፤ መነሻ ነው። ፍጥነትን ማጋነን የሚፈልግ 25 ፍሬም ላይ እስከ 1/25 ድረስ ሊዘልቅ ይችላል። ከዚያ በላይ መሄድ አይቻልም፤ አንድ ፍሬም ከራሱ ዕድሜ በላይ ብርሃን ሊጠጣ አይችልምና። አንዳንድ ካሜራዎች ቪዲዮ ላይ እያሉ 1/8 ወይም 1/4 ይቀበላሉ፤ ያን ጊዜ አንዱን ፍሬም ደጋግመው እየጻፉት ነው እንጂ ጊዜ አልጨመሩም። ቪዲዮው የሚንገጫገጨው ለዚያ ነው።

ስልኮች ሲሸጡ 30 ፍሬም ላይ ተቀምጠው ነው የሚመጡት። እኛ አገር ግን 25 የተሻለ ነው፤ ምክንያቱ የመብራት ኃይል ነው። መስመራችን 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ። 1/50 ሁልጊዜ ሁለት ሙሉ ርግብግቢት ይይዛል፣ 1/100 አንድ፣ 1/25 አራት። 30 ፍሬም ላይ በ1/60 የቀረጸ ሰው ግን ሙሉ ያልሆነ ቁጥር ይይዝና የአዳራሹ ብርሃን ሲተነፍስ ያሳያል። የሰርግ ቪዲዮ ላይ ሙሽሮቹ ኬክ ሲቆርሱ ግድግዳው የሚንቦገቦገው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። 30 ፍሬም የግድ ከሆነባችሁ ሹተሩን 1/50 አድርጉት፤ ፍሬሙ 1/30 ስለሚቆይ 1/50 ይገባበታል።

ስልክ ላይ ይህን ለመቆጣጠር ሹተር በእጅ የሚያስቆልፍ መተግበሪያ ያስፈልጋል። ብላክማጂክ ካሜራ በነጻ የሚገኝ ነው፤ አንድሮይድ ላይ ግን ሁሉም ስልክ አይቀበለውም። ሹተር፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) እና ፎከስ አራቱም ይቆለፉ። አንዱ ከተለቀቀ ሌሎቹን ይረብሻል።

ሹተሩን 1/50 ላይ ስትቆልፉት ቪዲዮው ነጭ ሆኖ ይቃጠላል። አብሽሩ፣ የሚጠበቅ ነው። ጠራራ ፀሐይ ላይ አይኤስኦ 100፣ ሹተር 1/100 ከሆነ ትክክለኛው አፐርቸር ኤፍ 16 አካባቢ ነው፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ሹተሩ 1/50 ሲሆን አንድ ስቶፕ (ብርሃኑ እጥፍ የሚሆንበት ደረጃ)፣ አፐርቸሩን ከኤፍ 16 ወደ ኤፍ 2.8 ስትከፍቱ አምስት ስቶፕ፤ በድምሩ ስድስት ስቶፕ ትርፍ ብርሃን አለ። ይህን የሚውጠው ኤንዲ 64 የሚባለው ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር ፊልተር ነው። ስልክ ላይም ሒሳቡ ብዙ አይርቅም፤ አፐርቸሩ ኤፍ 1.8 ሆኖ አይኤስኦው እስከ 50 ከወረደ ኤንዲ 64 ይበቃል። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ከተማው ሲደበዝዝ ኤንዲ 8 ወይም 16 በቂ ነው፤ ስለዚህ ለደሴ አንድ ፊልተር ይዞ መውጣት አያስተማምንም። የሚዞረው ኤንዲ ይህን ያቃልላል፤ በሰፊ ሌንስ ላይ እስከ ጫፍ ስታዞሩት ግን ሰማዩ ላይ ጥቁር መስቀል ይጥላል። መስቀሉ መታየት ሲጀምር ትንሽ መልሱት።

"አፐርቸሩን ኤፍ 22 ላይ ባደርገውስ?" የሚል አይጠፋም። ይሆናል፤ ግን ምስሉ በሙሉ ይለሰልሳል፣ ሴንሰሩ ላይ ያለው አቧራ ሁሉ ሰማዩ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። ስልክ ፊት የፀሐይ መነጽር መያዝም ይሠራል፤ ጥቁሩ መነጽር ከብርሃኑ ከ8 እስከ 18 በመቶ ብቻ ስለሚያሳልፍ 1/2000 የነበረውን ወደ 1/250 አካባቢ ያወርደዋል። ግማሽ መንገድ ነው። የብየዳ መስታወት ደግሞ ሁሉን ነገር አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ዋይት ባላንሱን ነጭ ወረቀት ላይ ብታስተካክሉም የሰው ፊት ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ለባጃጅ ይሆን ይሆናል፣ ለሙሽራ አይሆንም።

ሹተርና ፊልተር የተስተካከለ ቪዲዮም ግን ሊያስጠላ ይችላል። ብዥታ የሚያምረው አጠገቡ ያልተበዠ ነገር ሲኖር ነው። ሁሉም ከተሳበ ተመልካቹ ፎከስ የሳተ ነው የሚመስለው። ስለዚህ ካሜራው ከመከፈቱ በፊት የሚወሰነው የሚሮጠው ሳይሆን የሚቆመው ነው። ካሜራው ከቆመ መንገዱ፣ ምሰሶውና ሱቁ ይቆማሉ፣ ባጃጇ ትሳባለች። ካሜራው ባጃጇን ተከትሎ ከዞረ ባጃጇ ትቆማለች፣ ፒያሳ ይሳባል። መኪና ላይ ከታሰረ ደግሞ ዳሽቦርዱና ከሩቅ ያለው ተራራ ይቆማሉ፣ የፍሬሙ ዳር ዳር ይፈሳል።

ሁለተኛው፣ ማለትም ተከትሎ መዞር፣ ከሁሉም ይከብዳል። ፎቶ አንሺ ከሃያ አንዱ ቢቀናው ይበቃዋል፤ ቪዲዮ ላይ ግን ሁለት ሰከንድ ማለት 50 ፍሬም ነው፤ ሁሉም ይታያል። እግራችሁን ባጃጇ ወደምትጨርስበት አቅጣጫ ተክላችሁ፣ ወገባችሁን ወደምትመጣበት ጠምዝዙ፤ ስትዞሩ ሰውነታችሁ እየተፈታ ይሄዳል እንጂ እየተጠመዘዘ አይሄድም። ክርናችሁ ከጎናችሁ ይጣበቅ። ትራይፖድ ካለ ላይ ታቹን ቆልፋችሁ ግራ ቀኙን ብቻ ልቀቁት። ባጃጇ ፍሬም ከመግባቷ በፊት ጀምሩ፣ ካለፈች በኋላም ጥቂት ቀጥሉ። ሹተር 1/25 ወይም 1/30። ዓይናችሁን ከአንድ ነጥብ ላይ አትንቀሉ፤ የሹፌሩ ፊት ወይም የጎን መስታወቱ ጥሩ ነው። በጣም ጥርት የምትለው ፊት ለፊታችሁ ስታልፍ ነው፤ ከዚያ በፊትና በኋላ አፍንጫዋና ጅራቷ ለካሜራው እኩል ስለማይዞሩ አንዱ ጫፍ መሳቡ አይቀርም።

ዳራውም ይመረጥ። ባዶ ሰማይ ወይም የተለሰነ ነጭ ግድግዳ ቢሳብ የሚያሳየው ነገር የለም። ከፒያሳ ወደ አራዳ ያለው የሱቅ ሰልፍ ሸጋ ነው፤ ታፔላ፣ የተሰቀለ ልብስ፣ ሻሽና ጃንጥላ፣ ሁሉም የየራሱን ቀለም መስመር አድርጎ ይዘረጋል።

በቀስታ ሹተር ጊዜ የስልኩን ኤሌክትሮኒክ ማረጋጊያ አጥፉት። ማረጋጊያው የሚሠራው ፍሬሙ ከተቀረጸ በኋላ ምስሉን ወዲያ ወዲህ በማንሸራተት ነው። የእጅ መንቀጥቀጥ የፈጠረው ብዥታ ግን ቀድሞ ፍሬሙ ውስጥ ታትሟል። ውጤቱ የሚገርም ነው፤ ምስሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በየመሀሉ እንደሚያለቅስ ዓይን ብዥ፣ ጥርት፣ ብዥ ይላል። ሰው ፎከሱን ይጠረጥራል። ጊምባል የሚባለው በሞተር የሚያረጋ መያዣ ግን ስልኩን ራሱን ስለሚያረጋው ይህ ችግር የለበትም።

ጭፈራ ላይ ነገሩ ይረቃል። እስክስታ ውስጥ ፊቱ ረጋ ብሎ ትከሻው ብቻ ይመታል፤ የሚቆመውንና የሚሮጠውን ጨፋሪው ራሱ ለይቶ ሰጥቶናል ማለት ነው። ትከሻ በአንድ ስምንተኛ ሰከንድ 8 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል ብንል፣ በ1/50 ከአንድ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ ከወገብ በላይ በሚያሳይ ቀረጻ ጥቂት ፒክስል ብቻ ነው። ሸማው ይሳባል፣ ጥለቱ አይጠፋም። 1/25 ላይ እጥፍ ይሆንና ጥለቱ መዋጥ ይጀምራል። 1/500 ላይ ደግሞ ትከሻው እንደተበላሸ መኪና ይንገጫገጫል፤ ምቱና ከበሮው የተላለፉ ይመስላል። ስለዚህ ለእስክስታ 1/50። ነሐሴ ላይ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ሲጨፈር ግን ወገብ ላይ የታሰረው ሣር ሲወዛወዝ 1/30 የተሻለ ነው፤ አረንጓዴው እንደ ውኃ ይፈሳል፣ ሣሩ ጥለት የለውምና የሚጠፋ ነገር የለም።

እዚህ ላይ የሰርግ ቀራጮች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። በ25 ፍሬምና በ1/50 የተቀረጸ ጭፈራ ኤዲት ላይ በግማሽ ፍጥነት ቢዘገይ ገንፎ ይሆናል። ስሎው ሞሽን የሚፈለግ ከሆነ ከመጀመሪያው በ50 ፍሬምና በ1/100 ይቀረጽ። ሁለቱን በአንድ ቀረጻ ማግኘት አይቻልም፤ ቀድሞ መወሰን ነው።

ሲመሽ የስልኩ ጠባይ ይገለበጣል። ቀን የቸኮለው ሹተር ማታ ብርሃን ፍለጋ ራሱ ወደ 1/30 ይወርዳል፤ ብዥታ በነጻ ይመጣል። የብርሃን ጭረት፣ ማለትም መብራት ሲያልፍ ትቶት የሚሄደው ረጅም ክር፣ ግን አሁንም አይመጣም። በሰዓት በ30 ኪሎ ሜትር የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ አይሱዙ በ1/25 የሚጓዘው 33 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከሩቅ ሲታይ መብራቱ ነጥብ እንጂ ክር አይሆንም። ረጅሙን ክር የምናገኝባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፦ ታይምላፕስ (በየጥቂት ሰከንዱ የተነሡ ፎቶዎችን ቀጥሎ ቪዲዮ ማድረግ) ወይም ኤዲት።

ለታይምላፕስ ሐረጎ የተፈጠረ ቦታ ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል በእጥፋት ላይ እጥፋት ነው፤ ከላይ ሆኖ ሁለት ሦስቱን እጥፋት ባንድ ፍሬም ማስገባት ይቻላል። ስሌቱ እንዲህ ነው። ለ10 ሰከንድ ቪዲዮ 250 ፎቶ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ፎቶ ለ4 ሰከንድ ተከፍቶ፣ ከአንዱ መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ መጀመሪያ 5 ሰከንድ ከሆነ፣ ሁሉም 20 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ይፈጃል። እኛ ያለንበት ኬክሮስ ላይ ድንግዝግዙ አጭር ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ የሚቆየው 20 እና 25 ደቂቃ ያህል ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ሙከራ የለም። ትራይፖዱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተተክሎ፣ ፎከሱ ሩቅ ባለ ነገር ላይ ተይዞ ተቆልፎ መጠበቅ አለበት።

ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 100፣ 4 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። ኤክስፖዠሩ (ምስሉ የሚቀበለው ብርሃን) ለሰማዩ ሳይሆን ለመኪናው የኋላ መብራት ይስተካከል። ቀይ መብራት ሲበዛበት ወደ ብርቱካን ከዚያም ወደ ነጭ ይሸሻል፤ የኋላና የፊት መብራት አንድ ከሆኑ ደግሞ ቪዲዮው ጣዕም የለውም። ሰማዩ በቪዲዮው መሀል ይጨልማል። ይጨልም፤ መጨለሙ ያምራል። በየመሀሉ አይኤስኦ እየጨመሩ ሰማዩን ለማቆየት የሚታገሉ አሉ፤ ትርፉ መርገብገብ ነው።

በ30 ኪሎ ሜትር 4 ሰከንድ 33 ሜትር ነው። 150 ሜትር ርዝመት ያለውን እጥፋት መኪናው በ18 ሰከንድ ይጨርሰዋል፤ ቪዲዮው ላይ አራት ፍሬም ብቻ ነው ማለት ነው። ጭረቱ እጥፋቱን በሙሉ እንዲያለብስ ከተፈለገ ኤክስፖዠሩ ወደ 20 ሰከንድ ይርዘም፤ ያኔ ኤንዲ 8 ያስፈልጋል፣ 250 ፎቶ ደግሞ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል፣ ሰማያዊውም ያመልጣል። በኔ ግምት አጭሩ ይሻላል፤ የተቆራረጠ ጭረት ሲሄድ ይታያል፣ ሙሉው ግን የቆመ ሥዕል ይመስላል።

የምንነዳው በቀኝ ስለሆነ መንገዱን ፊት ለፊት የሚያይ ካሜራ በቀኙ የሚርቁትን በቀይ፣ በግራው የሚመጡትን በነጭ ያገኛል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ሹፌሩ ከእጥፋቱ በፊት ፍሬን ስለሚይዝ ቀዩ ክር እዚያ ጋ ይወፍርና ከእጥፋቱ በኋላ ይቀጥናል። ፍሬቻ ያበራ መኪና ብርቱካን ነጠብጣብ ይጥላል፤ ፍሬቻ በሰከንድ አንድ ሁለት ጊዜ ስለሚል በ4 ሰከንድ ውስጥ ከአራት እስከ ስምንት ነጥብ ትቆጥራላችሁ። ረጅም መብራት እያበራ ሽቅብ የሚመጣ ሲኖትራክ ግን ፍሬሙን ያጠፋዋል። አንድ ሁለት ፍሬም መጣል ነው፤ በ250 ውስጥ አይታወቅም። ነፋስ ካለ ቦርሳችሁን ትራይፖዱ ላይ ስቀሉ፣ ሥሩ መሬት ይንካ፤ አየር ላይ የተንጠለጠለ ቦርሳ ራሱ ትራይፖዱን ያወዛውዛል። ከእጥፋቱ ውጨኛ ዳር ግን አትቁሙ። ፍሬን የከዳው መኪና የሚወጣው በዚያ ነው።

ባጃጆች ላይ የሚለጠፈው ጌጠኛ ኤልኢዲ ሌላ ባሕርይ አለው። ርካሹ ኤልኢዲ እየበራ እየጠፋ ነው ብርሃኑን የሚመጥነው፤ ዓይን አይለየውም፣ የተሳበ ፍሬም ግን ያጋልጠዋል። ክር ይሆናል ሲሉት መቁጠሪያ ይሆናል፤ ዶቃ፣ ክፍተት፣ ዶቃ። የመንገድ መብራትም ካሜራው በ1/25 ሲዞር አራት አራት ዶቃ የሚጥለው ለዚሁ ነው፤ በሰከንድ መቶ ርግብግቢት፣ በ1/25 አራት። ይህን ሹተር አያስተካክለውም። የማይቆራረጥ ክር የሚፈልግ የቡሄን ዋዜማ ይጠብቅ። የችቦ እሳት ርግብግቢት አያውቅም፤ ልጆቹ ሲያዞሩት የሚወጣው መስመር ድፍን ነው፣ ከሥሩ ብልጭታው ይረግፋል።

የኤዲቱ መንገድ ካሜራው ንቅንቅ ሳይል ለተቀረጸ የማታ ቪዲዮ ነው። አሠራሩ እያንዳንዱን ፍሬም ከቀደሙት ጋር ደራርቦ፣ በየፒክስሉ ደማቁን ማስቀረት ነው። አፍተር ኢፌክትስ በተባለው የኤዲት ፕሮግራም ላይ ኤኮ የሚባለው ይሠራዋል። ለ25 ፍሬም የኤኮ ጊዜው ከዜሮ በታች 0.04 ሰከንድ ይሁን፣ ብዛቱ 30፤ 1.2 ሰከንድ የሚረዝም ጅራት ትሰጣለች። ዲኬይ (በየድርቡ የሚቀረው የብርሃን ድርሻ) 0.95 ብትሉ የጅራቱ ጫፍ አንድ አምስተኛ ያህል ብርሃን ይቀረዋል፤ 0.9 ብትሉ ሊጠፋ ምንም አይቀረው። ኦፐሬተሩ (ፍሬሞቹ የሚዋሐዱበት ስልት) መጀመሪያ የሚመጣው መደመሪያው ላይ ሆኖ ነው፤ እንዲያ ከተተወ መንገዱ ሁሉ ይነጣል። ማክሲመም ላይ አድርጉት። ኮምፒውተሩ ደከም ያለ ከሆነ በነጻ የሚገኘው ኤፍኤፍኤምፔግ ላግፈን የሚባል ፊልተር አለው። መነሻው 0.95 ነው፤ ጅራቱ በ13 እና በ14 ፍሬም መካከል፣ ማለትም በግማሽ ሰከንድ አካባቢ በግማሽ ይደበዝዛል። ካፕካት ላይም ቪዲዮውን እየደራረቡ፣ እያንዳንዱን በአንድ ፍሬም እያዘገዩ፣ ማዋሐጃውን ላይትን ላይ ማድረግ ይቻላል። ያደክማል፤ ከስምንት ድርብ በላይ የሚጸና ጥቂት ነው።

ኤዲት ላይ ሰው የሚሸነፈው ግን ሲቀርጽ ነው። በ1/100 የተቀረጸ ከሆነ እያንዳንዱ ፍሬም የመኪናውን መንገድ ሩቡን ብቻ ነው የያዘው፤ ሦስት አራተኛው የለም። ሲደራረብ የሚወጣው ክር ሳይሆን የተሰበረ ሰረዝ ነው፤ ምንም ኤዲት አይሞላውም። ለኤኮ የሚቀረጽ ቪዲዮ በ25 ፍሬምና በ1/25 ይሁን፤ የአንዱ ጫፍ ከቀጣዩ መጀመሪያ ጋር ይገናኛል። ሌላው ችግር ግሬይን፣ ማለትም ጨለማ ምስል ላይ የሚታየው ደቃቅ ነጠብጣብ፣ ነው። ደማቁን ማስቀረት ማለት በየፍሬሙ የሚዘለውን ግሬይንም ማስቀረት ነው፤ ሠላሳ ፍሬም ሲደራረብ ጥቁሩ ሰማይ ግራጫ ሆኖ ይነሣል። አይኤስኦውን ዝቅ አድርጉ፣ ከመደራረባችሁም በፊት ጥቁሩን ትንሽ ወደ ታች ጫኑት። ቀን በተቀረጸ ቪዲዮ ላይ ይህን አትሞክሩት፤ ሰማዩ ከሁሉ ስለሚደምቅ የሚያልፈውን መኪና ይበላዋል።

ጉም ሲወርድ ደግሞ፣ ደሴ ላይ ሳይጠራ የሚወርድ ነውና፣ የፊት መብራቱ ክር መሆኑ ይቀርና እንደ ጥጥ ያብጣል። ኤክስፖዠሩን በአንድ ስቶፕ ቀንሱ፣ መኪናዎቹ ቀረብ ወደሚሉበት እጥፋት ውረዱ። ሌንሱን በየአሥር ደቂቃው በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ፤ በትንፋሽ ሳይሆን፤ ብርዱ ላይ ትንፋሽ መልሶ ውኃ ይሆናል።